የናፖሊ ማስታወሻ ካርታዎች፦ የፎቶው እሽግና አሮጌው ናፖሊታኔ

ለጎብኚ ከሚሸጡ የከተማ ማስታወሻዎች መካከል የመጫወቻ ካርታ ከሌሎቹ የከበደ ሥራ ተጥሎበታል። ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፈው ማግኔት አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ ምንም አይጠየቅም፤ ካርታ ግን ይበወዛል፣ ይታደላል፣ በላብ እጅ ይያዛል፣ ጠረጴዛ ላይ ይወረወራል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ የከተማውን ባህልና ቅርስ እንዲናገር ይጠበቅበታል። በዚህ ግምገማ የማነሣቸው ሁለት እሽጎች የጣሊያኗን የናፖሊን ከተማ የሚመለከቱ ናቸው። አንደኛው ለቱሪስት ታስቦ የተዘጋጀ፣ በ52ቱም ካርታዎች ላይ የከተማዋ ፎቶግራፍ የታተመበትና ሁለት ጆከር የተጨመረበት ነው። ሁለተኛው ናፖሊታኔ የሚባለው፣ የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው ሲጫወቱበት የኖሩት ባለ 40 ካርታ እሽግ ነው። ሁለቱም በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫዎች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዋጋቸውም የጥቂት ዩሮ ጉዳይ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ለመምረጥ ምክንያት የሚሆነው ገንዘብ አይደለም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርታን የአገር ማሳያ የማድረጉ ሐሳብ የቱሪዝም ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ1590 በእንግሊዝ የታተመ አንድ እሽግ የእንግሊዝንና የዌልስን 52 አውራጃዎች ለ52ቱ ካርታዎች አከፋፍሏቸው ነበር፤ አውራጃዎቹ በአራት አቅጣጫ እያንዳንዳቸው 13 ሆነው ተመድበው፣ በየካርታው መካከል የአውራጃው የመልክዓ ምድር ሥዕል ከአጭር መግለጫ ጋር ሰፍሮ፣ ተራ ቁጥራቸውም እንደ ስፋታቸው መጠን ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚሄድ ነበር። በ1644 ደግሞ ካርዲናል ማዛሪን ለሕፃኑ የፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ መማሪያ እንዲሆኑ ያዘዛቸውን ካርታዎች ስቴፋኖ ዴላ ቤላ የተባለው የፍሎረንስ ሠዓሊ የሣላቸው ሲሆን፣ አንደኛው እሽግ የዓለምን አገሮች የሚያስተምር ነበር። ለጎብኚ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በ1893 በቺካጎ ለተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የኤግዚቢሽኑ ሕንፃዎች የተሣሉባቸው ካርታዎች ታትመው ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስቀናኝ የ1590ው ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ካርታው ሰባት ቁጥር የሆነበት ምክንያት አለው፤ ሥዕሉን ከሌላ ካርታ ጋር ቢያቀያይሩት ትርጉሙ ይፈርሳል። የማስታወሻ ካርታን የምመዝነው በዚህ ነው፤ ሥዕሉና ቁጥሩ ተዋውቀዋል ወይስ በአጋጣሚ አንድ ወረቀት ላይ ተገናኝተዋል?

የፎቶው እሽግ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያስደስተው አከፋፈሉ ነው። ባለ ልቦቹ ለምግብና ለበዓል፣ ባለ አልማዞቹ ለሥነ ሕንፃና ለጥበብ፣ ባለ ሦስት ቅጠሎቹ ለባሕሩ፣ ለተራራውና ለሰፈሮቹ፣ ባለ ጦሮቹ ለእምነትና ለትዝታ ተሰጥተዋል። በባለ ጦሮቹ ውስጥ ከተማዋ ጠባቂዬ የምትለው የቅዱስ ጄናሮ ደም በብልቃጥ ይታያል፤ ይህ የረጋ ደም በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በግንቦት ወር የመጀመሪያ እሑድ ዋዜማ፣ በሴፕቴምበር 19 እና በዲሴምበር 16 ይቀልጣል ተብሎ በሕዝብ ፊት የሚወጣ ነው። በባለ አልማዞቹ ውስጥ በ1737 የተከፈተው የሳን ካርሎ የኦፔራ ቤት፣ የሳንታ ኪያራ ገዳም በሥዕላዊ ሸክላ የተለበጡ ዓምዶች፣ እንዲሁም በ2012 የተከፈተው የቶሌዶ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሰማያዊ ጣሪያ ተሰልፈዋል። አሮጌውን ብቻ ቅርስ ብሎ ያልተወሰነ፣ አዲሱንም የጨመረ ሰው ይህን እንዳዘጋጀው ያስታውቃል። በአጠቃላይ የተመረጠው ነገር መልካም ነው፤ ከተማዋን ያየ ሰው «ይህ ቀርቷል» ብሎ የሚቆጭበት ነገር አያጣም፣ ነገር ግን «ይህ ለምን ገባ» የሚልበት ጥቂት ነው።

ከሁሉ የተዋጣላቸው ባለ ሰዎቹ ካርታዎች ናቸው። የናፖሊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባሉት የግድግዳ ክፍተቶች ውስጥ በ1888 የቆሙ የስምንት ነገሥታት ሐውልቶች አሉ፤ ኖርማኑ ሩጄሮ፣ ዳግማዊ ፍሬድሪክ፣ የአንዡው ቀዳማዊ ካርሎ፣ የአራጎኑ አልፎንሶ፣ አምስተኛው ካርሎ፣ የቡርቦኑ ካርሎ፣ የናፖሊዮን አማች ሙራ እና ዳግማዊ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ። እነዚህ ስምንት ሰዎች ስምንት የተለያዩ ሥርወ መንግሥታትን ወይም አገዛዞችን ይወክላሉ ማለት ይቻላል፤ አዘጋጁ ከእነርሱ ውስጥ አራቱን መርጦ የአራቱ ምልክቶች ንጉሥ አድርጓቸዋል። ከዚህ የተሻለ ንጉሥ ከየት ይመጣል? ንግሥቶቹም በዚሁ መንፈስ ተመርጠዋል። በ1343 የነገሠችው ቀዳማዊት ጆቫና፣ ከኦስትሪያ የመጣችው ማሪያ ካሮሊና፣ በ1889 ፒሳ ቀረበላት በሚለው ታሪክ ስሟ በመላው ዓለም የምግብ ዝርዝር ላይ የሚነበበው ንግሥት ማርጌሪታ፣ በአራተኛነት ደግሞ ከተማዋ በአፈ ታሪክ የተመሠረተችባት የባሕር ፍጥረት ፓርቴኖፔ ገብተዋል። የፓርቴኖፔ ፎቶ የተወሰደው ስፒናኮሮና ከሚባለው ምንጭ ላይ ነው፤ ክንፍ ያላት ሴት በቬዙቪዮ እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ ቆማ ከጡቶቿ በሚፈልቀው ውኃ እሳቱን ታጠፋለች። ጎብኚው በአብዛኛው ሳያየው የሚያልፈው ይህ ምንጭ ካርታ ላይ መውጣቱ የአዘጋጁን ዕውቀት ይመሰክራል። ጃኮቹ የሥራ ሰዎች ናቸው፤ ሊጥ የሚያሽከረክረው ፒሳ ጋጋሪ፣ በሳን ግሬጎሪዮ አርሜኖ መንገድ የልደት ምስሎችን የሚቀርጸው ባለ እጅ፣ ቡና አፍዪው፣ ዓሣ አጥማጁ። የፒሳ ጋጋሪዎቹ ጥበብ በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ስለገባ ጃክ የመሆን መብቱን ማንም አይነፍገውም።

ጆከሩ፣ እንደሚገመተው፣ ፑልቺኔላ ነው፤ ሰፊ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው፣ ግማሽ ፊቱን በጥቁር ጭምብል የሸፈነው፣ አፍንጫው የጎበጠው የናፖሊ መድረክ ቧልተኛ። ጆከር ለመሆን የተፈጠረ ፍጡር ቢኖር እርሱ ነው። የሚያሳዝነው ሁለቱም ጆከሮች ላይ አንድ ፎቶ መደገሙ ነው፤ ጭምብሉን ሲያጠልቅ አንዱን፣ ሲያወልቅ ሌላውን ማድረግ ምን ይከብድ ነበር?

ወደ ተራ ቁጥሮቹ ስንመጣ ግን ሥራው ይላላል። ከሁለት እስከ አሥር ባሉት 36 ካርታዎች ላይ ፎቶዎቹ የተበተኑት ያለ ምንም ሥርዓት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዘጋጁ ነቅቶ ነበር፤ ባለ ሦስት ቅጠሉ አሥር ላይ በስፓኝ ሰፈር ግድግዳ ላይ ያለው የማራዶና ሥዕል ተቀምጧል። ማራዶና ከ1984 እስከ 1991 በናፖሊ ማልያ ሲጫወት፣ በ1987ና በ1990 የሊጉን ዋንጫ ሲያመጣ የለበሰው ቁጥር 10 ነበር፤ ስለዚህ ይህን ካርታ ያነሣ ተጫዋች ሁሉ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሌሎቹ ሠላሳ አምስቱ እንዲህ ዓይነት ዕድል አላገኙም። የባሕር ዳርቻው ስምንት ቢሆን ሦስት ቢሆን ምንም አይለወጥም።

ይህን እንደ ጥቃቅን ነቀፋ የሚቆጥር ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን የተመረጠችው ከተማ ናፖሊ በመሆኗ ጉድለቱ ትልቅ ነው። ናፖሊ ቁጥርን ከሥዕል ጋር ማጋባት የዕለት ኑሮዋ የሆነ ከተማ ናት። ስሞርፊያ በሚባለው የቆየ ልማዷ ከ1 እስከ 90 ያሉ ቁጥሮች ሁሉ የየራሳቸው ትርጉም አላቸው፤ ሕልም ያየ ሰው ያየውን ነገር ወደ ቁጥር መንዝሮ ሎተሪ ይቆርጥበታል። በዚህ ልማድ 1 ጣሊያን ናት፣ 2 ትንሿ ልጅ፣ 3 ድመት፣ 4 ዐሣማ፣ 5 እጅ፣ 8 እመቤታችን ማርያም፣ 10 ባቄላ። ይህ ዝርዝር ለማስታወሻ ካርታ አዘጋጅ ከሰማይ የወረደ መና ነው። በባለ ጦሩ ስምንት ላይ በየመንገዱ ጥግ መብራት በርቶላቸው ከሚታዩት የማርያም ሥዕሎች አንዱ፣ በባለ ልቡ አሥር ላይ የባቄላና የፓስታ ሳህን፣ በባለ ሦስት ቅጠሉ ሦስት ላይ በአሮጌው ሰፈር ደረጃ ላይ የተጋደመች ድመት ቢቀመጡ ኖሮ እሽጉ የናፖሊን ፎቶ ከመያዝ አልፎ የናፖሊን አስተሳሰብ ይይዝ ነበር። ፎቶዎቹ እንኳ አዲስ መነሣት አያስፈልጋቸውም፤ በመንገድ ጥግ ያለችው ማርያም በእሽጉ ውስጥ አለች፣ ግን ያለችው በባለ ጦሩ ስድስት ላይ ነው።

ከዚህም የባሰው የባለ አልማዙ ሰባት ጉዳይ ነው። በናፖሊ በሰፊው ከሚወደዱት የካርታ ጨዋታዎች አንዱ ስኮፓ ነው፤ በስኮፓ ደግሞ የወርቅ ሳንቲሙ ሰባት፣ ሴቴቤሎ የሚባለው፣ ለያዘው ሰው ብቻውን አንድ ነጥብ የሚያስገኝ፣ ተጫዋቾች ሁሉ ዐይናቸውን የማይነቅሉበት ካርታ ነው። በተራው ባለ 52 እሽግ ስኮፓ ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ስምንቶቹን፣ ዘጠኞቹንና አሥሮቹን አውጥቶ ይጫወታል፤ የሴቴቤሎን ቦታ የሚወስደው ባለ አልማዙ ሰባት ይሆናል። ስለ ከተማዋ የካርታ ባህል ጥቂት የሚያውቅ አዘጋጅ ከ52ቱ መካከል ለአንድ ካርታ ብቻ እንዲጨነቅ ቢገደድ የሚጨነቀው ለዚህ ነበር። በእኛ እሽግ ባለ አልማዙ ሰባት ላይ ያለው የአንድ የገበያ አዳራሽ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው።

የጽሑፉ ነገርም ሊታለፍ አይገባም። በየካርታው ግርጌ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ አንድ አንድ መስመር መግለጫ አለ፤ ፊደሉ እጅግ ስላነሰ በምሽት መብራት ለማንበብ ያስቸግራል። አብዛኛው ትክክል ቢሆንም ከባሕሩ ውስጥ በምትወጣ ትንሽ ዐለት ላይ የቆመውን የእንቁላሉን ግንብ በሚያሳየው ፎቶ ሥር የተጻፈው «አዲሱ ግንብ» የሚል ነው። ሁለቱን ማምታታት አይቻልም፤ አዲሱ ግንብ በ1279 በአንዡው ካርሎ ትእዛዝ መሠራት የጀመረ፣ በሁለት ጥቁር ማማዎቹ መካከል የአልፎንሶን የድል አገባብ የሚያሳይ ነጭ የእብነ በረድ በር ያለው፣ ከወደቡ አጠገብ በየብስ ላይ የቆመ ነው። የእንቁላሉ ግንብ ስሙን ያገኘው ገጣሚው ቨርጂል ከመሠረቱ ሥር እንቁላል ደብቋል፣ እንቁላሉ የተሰበረ ዕለት ከተማዋ ትጠፋለች ከሚለው አፈ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን ግንብ ስሙን ነጥቆ ለሌላ መስጠት ቅርስን አከብራለሁ ከሚል እሽግ የሚጠበቅ አይደለም።

እንደ መጫወቻ ሲታይ እሽጉ መካከለኛ ነው። ወረቀቱ ቀጭንና በሚያብረቀርቅ ሽፋን የተለበጠ በመሆኑ አዲስ ሳለ ይንሸራተታል፣ እጅ ሲያልበው ደግሞ ካርታ ከካርታ ይጣበቃል። ጥሩ ካርታ ላይ በጣት ሲዳሰስ የሚሰማው ረቂቅ ሻካራነት፣ አየር በካርታዎቹ መካከል እንዲያልፍ የሚያደርገው፣ እዚህ የለም። ማዕዘኖቹ ላይ ቁጥሩ በነጭ መደብ መታተሙ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ብዙ የፎቶ እሽጎች ቁጥሩን በቀጥታ በፎቶው ላይ ስለሚያትሙት ቀዩ ልብ ቀይ ጣሪያ ላይ ይጠፋል። ነገር ግን የካርታው ትልቅ ምልክት በመካከል በፎቶው ላይ እንዲያርፍ በመደረጉ ሌላ ጣጣ መጥቷል። በባለ ጦሩ አስ ላይ ያለው በሳንሴቬሮ ጸሎት ቤት የሚገኘው፣ ጁዜፔ ሳንማርቲኖ በ1753 የቀረጸው «የተሸፈነው ክርስቶስ» የሚባለው ሐውልት ነው፤ ከአንድ የእብነ በረድ ድንጋይ ተቀርጾ ሳለ ፊቱን የሸፈነው ስስ ጨርቅ እውነተኛ የሚመስልበት፣ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚሰለፍበት ሥራ። ጥቁሩ የጦር ምልክት ያረፈው በትክክል በዚያ ፊት ላይ ነው። ይህን ያተመ ሰው ካርታውን አንድ ጊዜ እንኳ በእጁ ይዞ አልተመለከተውም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የካርታዎቹ ጀርባ የሚያስነሣው ጥያቄ ደግሞ የጨዋታውን ሐቀኝነት ይነካል። የካርታ ጀርባ ወደ ላይም ተያዘ ወደ ታች አንድ ዓይነት እንዲመስል ሆኖ የሚሠራው ለውበት ሲባል ብቻ አይደለም፤ ጀርባው አቅጣጫ ካለው አንድ ተጫዋች የሚፈልጋቸውን ካርታዎች ገልብጦ በማስቀመጥ ከሩቅ ሊለያቸው ይችላል። የዚህ እሽግ ጀርባ የናፖሊን የባሕር ሰላጤ ከነቬዙቪዮ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ነው፤ ሰማዩ ከላይ፣ ባሕሩ ከታች። ከቤተሰብ ጋር ለሚጫወት ሰው ግድ የለም ይባል ይሆናል፤ በገንዘብ ለሚጫወት ግን ይህ እሽግ ከጠረጴዛው መነሣት አለበት።

ወደ ሁለተኛው እሽግ ስንሻገር ስለ ከተማዋ ምንም የሚናገር ጽሑፍ አናገኝም። ፎቶ የለም፣ መግለጫ የለም፣ በማዕዘኑ ላይ ቁጥር እንኳ የለም። ያሉት አራት ምልክቶች ናቸው፤ ጽዋ፣ የወርቅ ሳንቲም፣ ሰይፍና ዱላ። እነዚህ ምልክቶች ከናፖሊም ከጣሊያንም የሚቀድም ታሪክ አላቸው። በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የሚገኘው፣ ግብፅንና ሶርያን ይገዙ የነበሩት የማምሉኮች ካርታ ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የፖሎ (በፈረስ ላይ ሆኖ ኳስ የመምታት ጨዋታ) ዱላ የሚሉ አራት ምልክቶች አሉት፤ ካርታው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ሲገባ፣ በ1377 የፍሎረንስ ከተማ ገደብ የሚጥል ድንጋጌ እስኪያወጣበት ድረስ ተስፋፍቶ ነበር፤ ፖሎን ያላወቁት አውሮፓውያንም የፖሎውን ዱላ ተራ ዱላ አደረጉት። በሰሜን ጣሊያን ካርታዎች ላይ ሰይፎቹ ጎብጠው እርስ በርሳቸው ይቆላለፋሉ፤ በናፖሊው ላይ ግን ቀጥ ያሉና አጫጭር ሆነው ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ ዱላዎቹም ጉጥ ያለባቸው የዛፍ ግንዶች ናቸው። ይህ የስፔን አሣሣል ነው። ናፖሊ ከ1503 እስከ 1707 በስፔን እንደራሴዎች ስትገዛ ኖራለች፤ የዚያ ዘመን አሻራ በስፓኝ ሰፈር ስም ላይ እንደቀረ ሁሉ በእነዚህ ሰይፎችና ዱላዎች ላይም ቀርቷል። የፎቶው እሽግ ስለ ስፔን ዘመን በአንድ መስመር ሊነግረን ሲሞክር፣ ይኸኛው ራሱ የዚያ ዘመን ርዝራዥ ነው።

ካርታዎቹን አንድ በአንድ መመልከት ሌላ ደስታ ነው። የሳንቲሙ አስ ሁለት ራስ ያለው ንስር ሲሆን በደረቱ ላይ ክብ ቦታ አለ፤ በዚያ ክብ ውስጥ በ1972 እስኪቀር ድረስ የመንግሥት የካርታ ግብር ማኅተም ይመታበት ነበር። ዛሬ ግብሩ ቢቀርም ንስሩ ቦታውን ይዞ ኖሯል። የዱላው ሦስት መካከል ላይ ትልቅ ጢም ያለው፣ ዐይኑን ያፈጠጠ አስፈሪ ፊት ተሥሏል፤ ሰዉ ጋቶ ማሞኔ ይለዋል፣ የተረት ጭራቅ ድመት ማለት ነው። በስሞርፊያው 3 ቁጥር ድመት መሆኑን ላስታወሰ ሰው ይህ መገጣጠም ያስደንቃል፤ ማንም አቅዶት እንደሆነ ግን አልናገርም። የሰይፉ አምስት ላይ በሰይፎቹ መካከል በጣት ጥፍር የምታክል ቦታ ውስጥ በእርሻ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይታያሉ። ሰይፍ በበዛበት ካርታ መካከል ገበሬ ማስገባት የማን ሐሳብ እንደነበረ ባይታወቅም፣ ለዘመናት ማንም ሳያስወጣው ኖሯል። ቀለሞቹ ጥቂትና ድፍን ናቸው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ባለ ሰዎቹ እንደ ተራው ባለ 52 የፈረንሳይ ካርታ በወገባቸው ተቆርጠው ላይና ታች አልተባዙም፤ ከራስ እስከ እግራቸው ቆመዋል፣ ፈረሰኞቹም ከነፈረሳቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት በእጅ ያለ ካርታ ተገልብጦ ሲመጣ መልሶ ማቃናት የጨዋታው አንድ ልማድ ነው።

የጨዋታ ሥራውን ያለ ችግር ይሠራል። ወርዱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ጠባብ ካርታ በመሆኑ በአንድ እጅ በደንብ ይያዛል፤ ወረቀቱ ወፈር፣ ደረቅ ያለና የሚጮህ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ራሱ የጨዋታው አካል ነው። በስኮፓ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ካርታ ይታደላል፣ አራት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ይቀመጣል፤ ተጫዋቹ በእጁ ባለው ካርታ በቁጥር ከእርሱ ጋር እኩል የሆነውን ወይም ድምራቸው ከእርሱ ጋር እኩል የሚሆኑትን ከጠረጴዛው ይሰበስባል፤ ጠረጴዛውን ሙልጭ አድርጎ የጠረገ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። በመጨረሻ ብዙ ካርታ የሰበሰበ፣ ብዙ ሳንቲም የሰበሰበና ሴቴቤሎን የያዘ አንድ አንድ ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ፕሪሚዬራ ለሚባለው ሌላ ነጥብ ደግሞ ሰባቶች ከሁሉ ይበልጣሉ። ካርታዎቹ ላይ ቁጥር አለመኖሩ ለጀማሪ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ስድስቱን ጽዋ ከሰባቱ ለመለየት መቁጠር ያስፈልጋል፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ግን ዐይን የሚያነበው የምልክቶቹን አደራደር እንጂ ብዛታቸውን አይደለም። ባለ ሰዎቹ ሦስት ናቸው፤ እግረኛው 8፣ ፈረሰኛው 9፣ ንጉሡ 10 ሆነው ይደመራሉ። እግረኛውን ናፖሊዎች «ሴቷ» ይሉታል፤ የተሣለውን ፊት ላየ ሰው ስያሜው አይገርመውም።

ይህም እሽግ እንከን አያጣም። በአብዛኛው በቀጭን ካርቶን ስለሚታሸግ ሣጥኑ ከካርታዎቹ ቀድሞ ይቀደዳል፤ በውስጡም የጨዋታ መመሪያ ስለማይኖር የጣሊያን ካርታ ጨዋታ የማያውቅ የውጭ አገር ሰው አርባ የሚያምሩ ሥዕሎች ይዞ ይቀራል። እንደ ከተማ ማስታወሻም ቢሆን የሚነቅፉት አሉ፤ የናፖሊ ተብሎ ይጠራ እንጂ ከናፖሊ ውጭም በደቡብ ጣሊያን በሰፊው የሚጫወቱበት ከመሆኑም በላይ፣ ከታወቁት አታሚዎቹ መካከል በ1756 የተመሠረተው ዳል ኔግሮ መቀመጫው ትሬቪዞ፣ በ1868 የተመሠረተው ሞዲያኖ ደግሞ ትሪየስቴ ነው፤ ሁለቱም የሰሜን ጣሊያን ከተሞች ናቸው። ይህ እኔን አያሳስበኝም። ካርታ የት ታተመ ከሚለው ይልቅ በማን እጅ አረጀ የሚለው ይበልጥ ይመዝናል። የፎቶውም እሽግ ቢሆን ሣጥኑ ላይ የታተመበትን ከተማ አይገልጽም።

ለማን የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሴ ሁለት ነው። የፎቶው እሽግ ናፖሊን ላላየ ሰው፣ በተለይም ለልጆች፣ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ንጉሥና ንግሥት የሆኑትን ስምንት ካርታዎች ዘርግቶ ስለ እያንዳንዱ እየጠየቁ መጫወት የአንድ ከሰዓት በኋላ የታሪክ ትምህርት ይሆናል። በጀርባውና በወረቀቱ ምክንያት ግን ቁም ነገር ላለው ጨዋታ አይመከርም፤ ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ፣ ሁለት ተኩል እንዳልሰጠው ያደረገኝ ፓርቴኖፔና አሥር ቁጥሩ ማራዶና ናቸው። ናፖሊታኔው ለሚጫወት ሰው ነው፤ ከአምስት አራት ተኩል፣ የጎደለው ግማሽ ስለ ሣጥኑና ስለ መመሪያው ነው። መመሪያውን ገዢው ራሱ ሊያሟላው ይችላል፤ የሦስቱን ባለ ሰዎች ዋጋና የነጥቡን አቆጣጠር በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሣጥኑ ውስጥ ቢከት በቂ ነው፣ ስጦታ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ይህን ቁራጭ ወረቀት ፈጽሞ መርሳት የለበትም።